ቅቤው ወደ አናቴ ወጣ

ከአምበር ገበያ ስመለስ መንገድ ላይ ዓይኔ ጨለመብኝ። መንገደኞች ደግፈው ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት አደረሱኝ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ደሜን አስመርምራ፣

«አባባ፣ ደምዎ ውስጥ ስብ በዝቷል። ቅቤና ጮማ ይተዉ፤ አለዚያ አንድ ቀን እንደወደቁ ይቀራሉ» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ልብላ?»

«ገብስ፣ ባቄላ ከነቆዳው፣ ጎመን፣ ተልባ። ዱቄቱም አይነፋ።»

ሳቅሁ። ልጅ ሆኜ የበላሁት ይህንኑ ነበር። እናቴ የገብስ ዱቄት ስትነፋ አይቼ አላውቅም፤ ቂጣዋ ጉሮሮ እየቧጠጠ ነው የሚወርድ። ባቄላውን ቀቅላ ጨው ነስነስ አድርጋ በገበታ ስታቀርብልን እጃችን እየተጋጨ እንሻማለን። ቅቤ የእንግዳና የበዓል ነበር። ኋላ ራሴን ችዬ ከብቱም ሲበዛልኝ፣ በቤቴ ያልተነፋ ገብስ አይጋገርም ብዬ ማልሁ። ያለቅቤ ሽሮም አልቀምስ አልሁ። ጥጋብ ማለት ያ መስሎኝ።

ሐኪሟ ያለችውን ለባለቤቴ ነገርኋት። የእሷ ቅቤ በአገሩ የተመሰገነ ነው። ከምድጃው ቀና ብላ፣

«ሰው ምን ይለኛል፣ አንቱ? ባሏን በስተርጅና በጎመን አደረቀችው አይሉም?» አለች።

«ሞቼ ከሚያለቅሱልሽ ደርቄ ቢስቁብሽ ይሻላል» አልኋት።

ወዲያው ሁዳዴ ገባ። ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ፤ እንግዲህ ዳንሁ አልሁ። ጾሙ ሊያልቅ ሲል ሐኪሟ ዘንድ ተመለስሁ። ስቡ ምንም አልቀነሰም።

«እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ፤ ከየት መጣ?» ብዬ ተቆጣሁ።

«ወጡ በምን ይሠራል፣ አባባ?»

«በዘይት ነዋ።»

«ዘይቱ ጠዋት ጠዋት ይረጋል?»

«እንጃ፣ ልብ ብዬው አላውቅም» አልኋት። በማግስቱ ማለዳ፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ ጓዳ ገብቼ የዘይቱን ጀሪካን ዘቀዘቅሁት። ጠብ አላለም። እንደ ቅቤ ረግቷል። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት።

«ሐኪሟ የሚረጋ ዘይት ከቅቤው አይሻልም ማለቷ ነው» አልኋት።

ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ቅቤው ሲቋረጥብዎ አንጀቴ አልችል ብሎ ዘይቱን እጥፍ አደርገው ነበር። በገዛ እጄ ልገድልዎት ነበር።»

«ብቻሽን አይደለሽም፤ ሳህኑን የምጠርገው እኔ ነኝ።»

አልሳቀችም። ጀሪካኑን ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ፣ «እናትዎ በጾም ምን ይሠሩ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ተልባውን ቆልታ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ በቂጣ ታስጠቅሰን እንደነበር ነገርኋት። በዚያው ቀን ሠራችው። የመጀመሪያው ጉርሻ ጉሮሮዬን ቧጥጦ ሲወርድ እናቴ ቤት የተቀመጥሁ መሰለኝ፤ ያ እጃችን የሚጋጭበት ገበታ ፊቴ ድቅን አለ። ያን ሁሉ ዘመን ምን ይዞኝ ከዚህ እንደሸሸሁ እንጃ።

ፋሲካ ደረሰ። ቤቱ ጎረቤት ሞላ፤ ዶሮው ቅቤ ጠጥቶ ቀረበ። ለእኔ የገብስ ቂጣና ጎመን መጣልኝ። አንዱ ጎረቤት አየና፣

«ምነው ጋሼ፣ እርስዎ ዘንድ ጾሙ አልተፈታም እንዴ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ባለቤቴ ጓዳ ገብታ ለጋ ቅቤ በእጇ ሙሉ ይዛ ወጣች። «ቆብዎን ያውልቁ» አለችኝ። አናቴ ላይ ጣል አድርጋ እያሸች ወደ ጎረቤቱ ዞረች።

«ሐኪሟ አይብሉ አለች እንጂ አይቀቡ አላለችም። እኔ ቤት ቅቤ የጠፋ እንዳይመስልህ።»

ቅቤው እየቀለጠ በግንባሬ ወረደ፤ ከንፈሬ ሊደርስ ሲል በነጠላዬ ጠረግሁት። እሷ እያየችኝ ነበር። ቂጣዬን ቆረስሁ።