ወንዙ የሚያውቀው እግር

ውሻችን አብዶ ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም። እናውቃለን የሚሉ ዘመዶች ሞልተውኛል፤ ከእነሱ ግን ሁለቱ እንኳ አይስማሙም።

ከሶዶ ትምህርት ቤት ለእረፍት ጉኑኖ አጠገብ ወዳለው ቤታችን በመጣሁ ማግስት፣ እናቴ ጓሮ የእንሰት ቅጠል ስትቆርጥ የገዛ ውሻችን ባቷን ነከሳት። ጩኸቷን ሰምተው የደረሱት ጎረቤቶች ውሻውን በጦር ወግተው ገደል ከተቱት። ከዚያ ማን ቀድሞ እንደወጋ ይከራከሩ ጀመር። ቁስሉን ዞር ብሎ ያየ የለም።

አባቴ ከገበያ እስኪመለስ አክስቴ ከአንድ መድኃኒት አዋቂ የዕፅ ሥር አምጥታ፣ ደቁሳ በወተት አጠጣቻት። አክስቴ በጸሎት ቤታችን ጠንቋይን የምታወግዝ ሴት ናት። “ይሄ ሥር ነው፤ ሥርን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው” አለች። መድኃኒቱ ግን ሕግ ነበረው፤ የጠጣ ሰው ጊዜው እስኪሞላ ወንዝ አይሻገርም። ከተሻገረ እብደቱ ይነሳበታል። የእብድ ውሻ መርፌ ደግሞ ያለው ዱቦ ሐኪም ቤት፣ ከወንዙ ማዶ ነው።

“ተነሺ፣ ዱቦ እንሂድ” አላት አባቴ።

“አልሻገርም። እንደ ውሻ እየጮኽኩ ልሙትልህ?”

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። “አንተ የተማርከው፣ መጽሐፍህ ምን ይላል?”

የጤና መጽሐፌ ስለ ዝንብና ስለ ጥርስ ብዙ ይላል። ስለ ውሻ አንድ ቃል የለውም። “ስለ ወንዝ ምንም አይልም” አልኩ።

“ተሻገሩ አይልማ!” አለች አክስቴ፣ የረታች ያህል።

አባቴ ወጣ ብሎ፣ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። “አዋቂውን ጠየቅኩት። ወንዝ የሚያውቀው የነካውን እግር ነው፤ ሰው የተሸከመው ሰው ተሻገረ አይባልም አለኝ።”

“እውነት እንዲህ አለህ?” አለች አክስቴ።

“ሄደሽ ጠይቂው።”

ማንም አልሄደም። አባቴ ራሱ መሄዱንም እጠራጠራለሁ።

እናቴን በቃሬዛ የተሸከሟት እነዚያው ውሻ ገዳዮች ናቸው። ወንዙ ጋ ስንደርስ እናቴ ፊቷን በጋቢ ሸፈነች።

“እግርሽን ሰብስቢ፣ ወንዙ እንዳያይሽ!” አለ አንዱ እየሳቀ።

“አንተ ውሻ ገዳይ፣ ብትጥለኝ አለቅህም!” አለች ከጋቢው ሥር።

ዱቦ ሐኪም ቤት ያገኘነው ድሬሰር ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አጠበ። ሲያጥብ በጣም ስለቆየ የረሳን መሰለኝ። ከዚያ “ውሻው የታለ?” አለ።

“ገደልነው!” አሉ ተሸካሚዎቹ በኩራት።

“አስራችሁ ብትጠብቁት ኖሮ፣ ካበደ በቀናት ውስጥ ይሞት ነበር፤ ደህና ከሆነም እናውቅ ነበር። አሁን ማንን እንጠይቅ?” ለአባቴ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ “በሽታው ከተነሳ መድኃኒት የለውም። ውሃ መዋጥ ያቅታቸዋል” አለው። እናቴ ሰምታለች።

መርፌው በየቀኑ ሆዷ ላይ የሚወጋ ነበር። ወንዙን በየቀኑ ማታለል ስለማይቻል፣ እዚያው ዘመድ ቤት ከረመች።

መርፌው ሲያልቅ የሥሩ ጊዜ ገና አልሞላም ነበር። አባቴ ቃሬዛውን አስመጣ። እናቴ ቃሬዛውን አየችው፤ ተሸካሚዎቹንም አየቻቸው። ቀሚሷን ሰብስባ በእግሯ ወንዙ ውስጥ ገባች። አክስቴ ከወዲያኛው ዳር ጮኸች። እናቴ መሀል ላይ ቆመች፤ ጎንበስ ብላ ውሃ በእፍኟ ጨለፈችና ወደ አፏ ወሰደች። ሁላችንም ጉሮሮዋን እናያለን።

ዋጠችው።

ኋላ እንዳነበብኩት ያ ምንም አያረጋግጥም፤ በሽታው ወራት ሊደበቅ ይችላል። የዚያን ቀን ግን ይህን የሚያውቅ አጠገባችን አልነበረም፤ አባቴ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እናቴ አርጅታ፣ በሌላ በሽታ ሞተች። አክስቴ ሥሩ ነው ትላለች፤ አባቴ መርፌው፣ ጸሎት ቤቱ ጸሎቱ፣ ተሸካሚዎቹ ትከሻቸው። እኔ ለመርፌው አደላለሁ፤ ለሳሙናውም። ውሻው ጤነኛ ከነበረ ግን ሁላችንም ያዳንናት ከምን ነው?

በሕይወት ሳለች እሷን ብጠይቃት “ውሃው ቀዝቃዛ ነበር” ብቻ አለችኝ።