ከጃኬቱ ሥር የነበረው ማሊያ

ነገሩ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ነው።

ልጄ ብሌን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የከተማችንን የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን ነፍሷን እስክትስት ትወዳለች። ቡድኑ ጎበዝ ተጫዋች ባወጣ ቁጥር ትልልቆቹ ከተሞች ይወስዱበታል፤ ሲሸነፍ ደግሞ የስታዲየሙን ወንበር የእንግዳ ደጋፊ ይሞላዋል። "ዳድ፣ እኛ ሎያል ካልሆንን ማን እዚህ ይቆያል?" እያለች ስትነዘንዘኝ፣ እዚሁ አጠገባችን ላሉት የሬይኖልድስበርግ ሰፈር አበሾች ነገሩን ነገርኳቸው።

አበሻ ሦስት ሆኖ ከተገናኘ ኮሚቴ ማቋቋሙ አይቀርም። ስለ ሆኪ አንዳች የማናውቅ ሰዎች ሞርስ ሮድ የሚባለው መንገድ ላይ አንድ ምግብ ቤት ተሰብስበን የደጋፊዎች ማኅበር መሠረትን። ሊቀመንበራችን ጋሼ ደምሴ ሆኑ። አፈ ቅቤ ናቸው፤ ልባቸውን ማን አይቶ። "ልጆቻችን የተወለዱበት ከተማ ነው! ብንሸነፍም እስከ መጨረሻው ደቂቃ ከወንበራችን አንነሳም!" ሲሉ ብሌን እንባዋ መጣ።

የጨዋታው ዕለት ሁላችንም አንድ ረድፍ ላይ ተቀመጥን። እንግዳው የአንድ ትልቅ ከተማ ቡድን ነበር። ሦስተኛው ጎል ሲገባብን ጋሼ ደምሴ ብድግ አሉ። ሊያበረታቱን መስሎኝ ነበር። ሰውዬው የጃኬታቸውን ዚፕ ቁልቁል ሳቡት፤ ከሥሩ የእንግዳውን ቡድን ማሊያ ለብሰዋል! ከቤታቸው ለብሰውት ነው የመጡት።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አልኳቸው።

"ዊነሩን ሰፖርት አድርግ እንጂ! ከተሸናፊ ጋር ምን አስቀመጠህ?" ብለው ሳቁብኝና ከእንግዶቹ ጋር ሊጨፍሩ ወረዱ። የኮሚቴው ሰዎችም እየሳቁ ተከተሏቸው።

ብሌን ግን ጨዋታው እስኪያልቅ ከባዶዎቹ ወንበሮች መሃል ተቀምጣ ቆየች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ሲሰበሰብ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። "ተው እባክህ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጨዋታ አይደል እንዴ?" አሉኝ። በጭብጨባ መልሰው መረጧቸው። እሳቸውም ያንኑ "ከወንበራችን አንነሳም" ደገሙት። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ባይሆን እተፋ ነበር።

አሁን የምንሄደው እኔና ብሌን ብቻ ነን። ሽንፈቱን ለምደነዋል። እኔ ያልለመድኩት ሌላ ነው። መግቢያው በር ላይ ስንደርስ ልጄ ታስቆመኝና "ዳድ፣ ኦፕን ዩር ጃኬት" ትለኛለች። እኔን፣ አባቷን! ያን ሰው በሆዴ እየረገምኩ ዚፑን እከፍትላታለሁ።

አይታ ነው የምታስገባኝ።