የጥንቸሉ ቤትና የተላገው ቁጥር

የመዝገብ ቤታችን አናጢ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ሲሠሩና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ወንድሜ ሞቶ ጥንቸሉ ለእኔ ሲቀር ማደሪያ እንደሌለው ሰሙ፤ ሳልለምናቸው ከተጣሉት መደርደሪያዎች አንዱን አፍርሰው ቤት ሠሩለት። ስንጥር እንዳይወጋው እያንዳንዱን ሳንቃ ላጉ፣ በሩን በሽቦ ወጠሩ፣ ወለሉ ላይ ድርቆሽ አነጠፉ። «ከእኔ ቤት ይሻላል። ይኼኛው አያፈስም» አሉ።

ጥንቸሉን አምጥቼ አስገባሁት። ገና ከመግባቱ የበሩን መቃን ማኘክ ያዘ። ጋሼ ሳቁ። እኔ ክው አልኩ። አምና ምስጥ የገባባቸው መደርደሪያዎች መርዝ ተረጭቶባቸው ነበር።

አፈፍ አድርጌ አወጣሁት። ከንፈሩ ላይ የእንጨት ብናኝ ነበር፤ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩለት። የተረጩት በቁጥር ተመዝግበዋልና የትኛው መደርደሪያ እንደሆነ ጋሼን ጠየቅኋቸው። መላጊያቸውን አይተው አንገታቸውን ደፉ። ሳንቃው ላይ በቀለም የተጻፈው ቁጥር ከፍቅፋቂው ጋር ተጠርጎ ወጥቷል።

ጥንቸሉ ጭኔ ላይ ጭብጥ ብሎ ተቀምጧል። ዓይኑ ፈዘዘ? ወይስ ለእኔ መሰለኝ?

ጋሼ ድንገት መዶሻቸውን አንስተው ቤቱን ማፍረስ ጀመሩ። ከመደርደሪያው ሳይፈታ የቀረ የሁለት እንጨቶች መጋጠሚያ ሲላቀቅ፣ ውስጡ በእርሳስ «አርባ ሰባት» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ቀለም አላምንም፤ ሁልጊዜ ውስጡም እጽፋለሁ» አሉ።

ጥንቸሉን አቅፌ የተረጩት ወደተጻፉበት መዝገብ ሮጥኩ። ጣቴን በመስመሮቹ ላይ ወደ ታች ሳብኩ። አርባ አምስት፣ አርባ ስድስት፣ አርባ ስምንት። አርባ ሰባት የለም። ደግሜ አየሁ፤ የለም።

«ተረስቶ ቢሆንስ?» አልኩ።

«ማን ነው የጻፈው?» አሉ ጋሼ፣ መዶሻቸውን እንደያዙ ተከትለውኝ መጥተው።

ጽሕፈቱን መለየት አላስፈለገኝም። ከእኔ በፊት እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው እሱ ነበር። «ወንድሜ» አልኩ።

ጋሼ መዶሻቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «እሱ ሦስቴ ሳይቆጥር መች ይጽፍ ነበር፤ ሲያስቆጥረኝ ስንት ቀን ከምሳ አስቀርቶኛል። ያልተረጨ ነው፣ ልጄ።»

ቤቱን መልሰው ገጠሙት። ጥንቸሉን እስካስገባው ድረስ ብዙ ቆየሁ። ወዲያው ወደ መቃኑ ሄደ። ጋሼ ወንበር ስበው ከፊቱ ተቀመጡ፤ እኔም መዝገቡን ሳልዘጋ ቆሜ ሲያኝክ ጥርሱን አየሁ።