ዘጠነኛው ፎቶ

ጋምቤላ በመምህርነት ስኖር ሰባት ዓመቴ ነው። ፀሐይዋን ግን ዛሬም አልለመድኳትም፤ ከሥራ ስወጣ ጥቁር ጃንጥላዬን ዘርግቼ ባሮ ዳር እቀመጥና ስልኬን እጎረጉራለሁ።

ባለፈው «ዘንድሮ ሊጎበኙ የሚገባቸው የዓለም ውብ ስፍራዎች» የሚል ነገር አገኘሁ። አጠገቤ መረቡን ለሚጠግነው ለዓሣ አጥማጁ ወዳጄ ለኦጁሉ ፎቶዎቹን አሳየው ጀመርኩ። ሰማያዊውን ባሕርም፣ በረዶ የለበሰውን ተራራም አይቶ «ዓሣ አለው?» ብቻ ይለኛል።

ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ዓይኔ ተተክሎ ቀረ። ጀምበር የምትጠልቅበት ሰፊ ወንዝ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ታንኳ። ከሥሩ የተጻፈውን እንኳ ሳላነብ «ምነው አንድ ቀን እዚህ ባደረሰኝ!» አልኩ።

ኦጁሉ ስልኩን ተቀብሎ ዓይኑ ሥር አስጠጋው።

«ታንኳው የኔ ነው» አለ። «ይሄ ቆርቆሮ፣ ታንኳው ሲሰነጠቅ እኔ ነኝ የመታሁበት።»

«አይ ኦጁሉ! በዓለም ላይ ስንት ታንኳ አለ!» ብዬ ሳቅኩበት።

አልተቆጣም። ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋና የወንዙን ዳር አሳየኝ።

«እሺ መምህር፣ ይሄ ጃንጥላስ የማን ነው?»

ጥቁር ጃንጥላ ሥር አንድ ሰው፣ ያቺን የመሰለች ጀምበር ትቶ፣ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።