አንድ ሺህኛው ሰው

በሳንጎክ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የነዋሪዎችን መዝገብ የያዘችው ማ ዩንሱክ ሰው ስትቆጥር ጫማ ታያለች። ጫማ የሚወልቀው በደጃፍ ድንጋይ ላይ ስለሆነ፣ በሩ ሳይከፈት ቤቱ ስንት ነፍስ እንደያዘ ይናገራል።

በዚያ ታኅሣሥ ግን ቁጥሩ አስጨንቋት ነበር። በወሩ መጨረሻ ዓመቱ ሲዘጋ የወረዳው ሕዝብ ከአንድ ሺህ ካነሰ፣ ሳንጎክ ከተራራው ማዶ ካለው ወረዳ ጋር ይቀላቀላል፤ ጽሕፈት ቤቱም ይዘጋል። መዝገቡ ልክ አንድ ሺህ ይላል። በዓመቱ የተወለዱት ሁለት፣ የሞቱት አርባ አንድ ናቸው። የየዓመቱን ጉድለት የሞላችው ራሷ ዩንሱክ ነበረች፤ እናቶችን በየደጃፋቸው እየለመነች፣ ሴኡል የከተሙ ልጆቻቸውን ስም ብቻ በመዝገቡ ላይ ወደ ትውልድ ቤታቸው አስመልሳለች።

ለዓመቱ መጨረሻ ማጣሪያ የሰማንያ ሦስት ዓመቷ ፒዮ ቦክሱን ቤት ስትደርስ ሁለት ጥንድ ጫማ አየች። በባልየው የላስቲክ ጫማ ውስጥ ሸረሪት አድርታበታለች።

«እማማ፣ አባባ የት ሄዱ?»

«ተኝቷል» አሉ አሮጊቷ፣ ለብርዱ ወራት የሚቦካውን የኪምቺ ጎመን በጨው እያሹ።

«ሸረሪት ጫማቸው ውስጥ ጎጆ እስክትቀልስ ድረስ?»

እጃቸው ቆመ። «ጥቅምት ላይ ነው የሄደው፤ ከተማ፣ ልጃችን ዘንድ። እዚያው ቀበርነው።»

«መንደሩ ያውቃል?»

«ካንቺ በቀር የማያውቅ የለም። ‹አንድ ሰው እንኳ እንዳይጎድልብኝ› እያልሽ ስትለምኝን፣ እንዴት ብለን እንጉደልብሽ? ሽማግሌው በቁሙ ለወረዳው የሠራው የለ፤ ሞቶ ይጥቀም አልን።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። «ያቺ ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ ብትመጣለት ኖሮ፣ ምናልባት ባልሄደም ነበር።»

ነርስ እንዲመደብ ሦስት ጊዜ ለአውራጃው የጻፈችው ራሷ ዩንሱክ ናት። የመጣላት መልስ ቃል በቃል ትዝ አላት፦ «ከነዋሪዎቻችሁ ከግማሽ በላይ ጎልማሶች በመሆናቸው፣ ቅድሚያ አረጋውያን ለበዙበት ይሰጣል።» በነርሷ ፈንታ የተላከው የሕፃናት ዥዋዥዌ እስካሁን ማንም ሳይወጣበት ይዝጋል። ከእነዚያ ጎልማሶች የሚበዙት የእርሷ የእጅ ሥራ ነበሩ።

የወረዳው ሹም ነገሩን ሲሰማ እጁን አወናጨፈ። «እስከ ጥር ይቆይ፣ እህቴ! አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው። ሟች ምን ያስቸኩለዋል?»

«ሟቹስ አይቸኩልም፤ ጊዜ የሌላቸው ያሉት ናቸው።»

«ጽሕፈት ቤቱ ሲዘጋ አንቺ የት ልትገቢ ነው?»

መዝገቡን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች። አሥራ አንዱን ቀን በበረዶው ውስጥ ከደጃፍ ደጃፍ ተመላለሰች፤ ጫማው ያልተገኘውን ስም ሁሉ፣ እናቲቱን እያስፈረመች ሰረዘች። አንዳንዷ ተቆጣች፤ አንዷማ ልጇ ዛሬ ገና ከቤት የወጣ ይመስል አለቀሰች። በመጨረሻው ቀን ወደ አውራጃው የላከችው ቁጥር ሰባት መቶ ዘጠኝ ነበር፤ ከሦስቱ ሁለቱ አረጋውያን። አራተኛውን የነርስ ማመልከቻ ከሥሩ አያይዛ በስሟ ፈረመች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቦክሱን ቤት ሄዳ ያደረገችውን ነገረቻቸው።

«ታዲያ በከንቱ ነዋ የያዝኩት?» አሉ አሮጊቷ።

«ለኔ ብለው ነው የያዙልኝ፣ እማማ። አሁን ይልቀቋቸው።»

ቦክሱን ጎንበስ ብለው የላስቲኩን ጫማ አነሡ፤ ድሩን በጣታቸው ጠርገው፣ ሁለቱን እርስ በርስ አጋጭተው አራግፈው፣ ደረታቸው ላይ አቀፉት።

«እንግዲህ አንቺም ሥራ ፈት ልትሆኝልን ነው» አሉና በአገጫቸው ድንጋዩ ላይ የተለቀቀውን ቦታ አመለከቷት። «ጫማሽን እዚህ አውልቂና ግቢ፤ ሩዙ ሳይቀዘቅዝ።»