ጎማ ጫማ ያጠለቀው ቤት

ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ በነቀምቴ መስመር አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ቤት ውስጥ እንቅልፍ አልወስድ አለው። ፍራሹ ከመጠን በላይ ለሰለሰ፣ ጣሪያው ራቀ፣ እኔ አንኮራፋሁ፤ ሰበብ አላጣም። አንድ ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ቀለሙ የተላላጠ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ቆሞ አገኘሁ። ወንበሮቹ ተነቃቅለው የጎመን መደቤ ላይ ተከምረዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቤት ነው» አለኝ።

በስልኩ ፈረንጆች አልጋና ምድጃ መኪና ላይ ጭነው አገር ላገር ሲዞሩ አሳየኝ። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፤ ጥፋት እያየሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም። የምለውን ሁሉ ብዬ ስጨርስ እሱ የአልጋውን ቦታ በሜትር እየለካ ነበር። አልጋው ገባ፣ ቡታጋዙ ገባ፣ መጋረጃውን እኔው ሰፋሁት። ለምን እንደሰፋሁት አላውቅም፤ ተናድጄ ነበር።

ቤቱ አንድ ችግር ነበረበት፤ ይወዛወዛል። የቆመ መኪና ባሌስትራው፣ ማለትም እንደ ስፕሪንግ የሚነጥረው ብረቱ ላይ ነውና የተቀመጠው፣ ሰው ሲወጣበት ያዘነብላል፣ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ ለዚህ መላ አላጣም። ወደ በያጁ ወስዶ በአራቱ ማዕዘን ወደ መሬት የሚወርድ ክሪክ አስበየደለት። መኪናው ሲቆም አራቱን ክሪኮች እንደ እግር ያወርዳል፣ በግንበኞች ውሃ ልክ ወለሉን ያስተካክላል፣ ከዚያ ቤት ሆነ ይላል።

ነገሩ ከቀልድ ያለፈው የልጃችን ሰርግ ሲቆረጥ ነው። ባለቤቴን እናቱ በልጅነቱ ስለሞቱበት ያሳደጉት ታላቅ እህቱ ናቸው፤ እሱ እስከ ዛሬ «አዮ» ነው የሚላቸው፣ እናቴ እንደማለት። እኛ ነቀምቴ፣ እሳቸው ሲሬ ነው የሚኖሩት። በእነሱ ቤት ሴት ልጅ ስትዳር የእሳቸውን ኤባ፣ ማለትም ምርቃት ሳትቀበል ከቤት አትወጣም። ምርቃቱ ደግሞ በዕለቱ፣ ከአባቷ ግቢ ልትወጣ ስትል ነው እንጂ አስቀድሞ ሲሬ ሄዶ የሚቀበሉት አይደለም። ሴትየዋን ግን ማዞር የሚባል በሽታ ይዟቸው መኪና ከተዉ ቆይተዋል። ትንሽ እንደተጓዙ ምድሩ ይዞርባቸዋል፤ የሚተዋቸው ፍጹም በማይነቃነቅ ነገር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲተኙ ብቻ ነው። የትኛው ታክሲ ቆሞ ይጠብቃቸዋል? ልጄ ደግሞ «አዳዳ ሳትመርቀኝ ከዚህ ግቢ አልወጣም» አለች። አክስቷን አዳዳ ነው የምትላቸው። ግትርነቷን ከአባቷ ነው የወረሰችው።

«የእኔ ቤት ለምን ተሠራና!» አለ ባለቤቴ። እያቆመ፣ እግሮቹን እያወረደ፣ እያስተኛ ሊያመጣቸው ነው። ለዚያን ቀን ብቻ ሐሳቡን ወደድኩለት።

ሰርጉ ሳይደርስ ለሙከራ ሲሬ ሄድን። አዮን አልጋው ላይ አስተኝተን ከከተማው ወጣ እንዳልን ማዞሩ ጀመራቸው። ባለቤቴ ዳር ይዞ ቆመና እግሮቹን ሊያወርድ ወረደ። የመሬቱ ጭቃ የብረቱን እግር ይውጠዋል። ሾፌር መኪና ባቆመ ቁጥር ዓይኑ ድንጋይ ነው የሚፈልገው፤ እሱም አራት ጠፍጣፋ ድንጋይ ለቅሞ ከየክሪኩ ሥር አስገባ። አዮ ዓይናቸውን ጨፍነው «አሁን ደህና ነው» ማለት ሲጀምሩ አንድ ከባድ መኪና አጠገባችን ሽው ብሎ አለፈ። ብረቱ ከድንጋዩ ላይ ሸርተት አለና ቤታችን ቋ! ብሎ ወደ አንድ ጎኑ ዘመም አለ።

«አውርዱኝ!» አሉ። ዱላቸውን ይዘው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ባለቤቴ በዝግታ እየነዳ ከኋላቸው ይከተላል፤ እሳቸው አንዴም ዞር ብለው አላዩትም።

ነቀምቴ ስንመለስ ጎሚስታው ዘንድ ሄዶ ካረጀ የከባድ መኪና ጎማ አራት ወፍራም ቁራጭ አስቆርጦ መጣ። ጎማ ከብረቱ ሥር ሲገባ ድንጋይ ላይም አይንሸራተት፣ ጭቃ ውስጥም ቶሎ አይሰምጥ። ከከተማችን ወጥተን ጉቴ ድረስ ሄደን ሞከርነው፤ እውነትም ቀጥ አለ። እኔ ውስጡ ዘለልኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ደስ ብሎን ቤታችን ስንገባ ግን ሁለቱ ጎማ የለም። ክሪኩ ሲነሳ እነሱ ጭቃው ላይ ተጣብቀው ቀርተዋል። ተመልሰን ብንሄድ አንዱ ሰው አንስቶ ለበሩ ማጠፊያ ቆርጦታል፤ እንዳናፍር ብሎ ሻይ ጋበዘን።

«ሌላ ይቆረጣል» አለ ባለቤቴ።

«በሰርጉ ዋዜማ መንገድ ላይ ጎማ ስትለቅም ልትውል ነው?»

በዚያ ሳምንት አዮን ላባብል ብቻዬን ሲሬ ሄድኩ። የሄድኩበት ቀን እሑድ ስለነበር ቤተ ክርስቲያን አብሬያቸው ገባሁ። የጸሎት ቤቱ ወለል ሴራሚክ ነው፤ እኔ ራሴ በባለ ተረከዝ ጫማዬ እንዳልንሸራተት እየፈራሁ ነው የረገጥኩት። እሳቸው በዱላቸው ቀጥ ብለው ያልፋሉ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ዱላው ጫፍ ላይ ጎማ በምስማር ተመቷል። ዱላው ሲነሳ ጎማው አብሮ ይነሳል።

«አዴ፣ ይህቺን ማን ሠራልዎ?» አልኳቸው፤ እኔ በአክብሮት አዴ ነው የምላቸው።

«ባርሲስቱ፣ ጸሎት ላይ ነን» አሉኝ። አስተማሪዋ ማለታቸው ነው፤ ሲቆጡኝ እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ።

ከስብከቱ አንድም ነገር አልሰማሁም። እንደወጣሁ ለባለቤቴ ደወልኩና «ጎማውን ክሪኩ ላይ እሰረው!» አልኩት። ማሰር ብቻ አልበቃውም። የክሪኩን የብረት መዳፍ አስበስቶ ጎማውን በብሎን አጠበቀው፣ የብሎኑ ራስ መሬት እንዳይነካ ደግሞ ጎማው ውስጥ አሰመጠው። አራቱ እግሮች ጥቁር ጫማ አጠለቁ። ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ ያሳያል፣ ሐሳቡ የእኔ መሆኑን መናገር ግን ረስቶታል።

አዮን ለማሳመን ባለቤቴ መኪናውን ግቢያቸው አስገብቶ እግሮቹን አወረደ። እሳቸው ወደ ውስጥ አልገቡም። በብርጭቆ ወተት ሞልተው ሰጡኝና ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጠው አዘዙ፤ ከዚያ ከጎረቤት ወጣቶችን ጠርተው «ውጡበት፣ ዝለሉ!» አሉ። እሳቸው ከደጅ አንገታቸውን አስግገው ብርጭቆውን ያያሉ። ወተቱ አልፈሰሰም። አንስተው ጠጡትና «አርብ ና» አሉት።

አርብ ከሲሬ ነቀምቴ የመጣነው ቀኑን ሙሉ ነው። ማዞሩ ሲመጣ እንቆማለን፣ እግሮቹ ይወርዳሉ፣ አዮ ይተኛሉ፣ እኔ ሻይ አፈላለሁ። መንገደኛው ሁሉ የተበላሸ መኪና መስሎት «ረዳት እንፈልግላችሁ?» ይለናል። ሲመሽ ግቢያችን ገባን፤ አዮ እዚያው መኪናው ውስጥ አደሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ማዞሩ ብሶባቸው ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ሙሽራው መጥቷል፣ መኪኖቹ በር ላይ ተደርድረዋል፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ልጄ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። ሚዜዎቹ ተከተሏት፣ ከዚያ ዘፋኞቹ፣ ከዚያ ማን እንደቀረ አላውቅም። እኔ የማየው የአዮን ፊት ነው። ዓይናቸውን ገለጡ። ቤቱ ንቅንቅ አላለምና ምንም አልዞረባቸውም። እጃቸውን ልጄ ራስ ላይ ጭነው በኦሮምኛ መረቋት፤ «ሆራ ቡላ!»፣ ብዙ ኑሩ፣ ተባዙ እንደማለት፣ ሲሉ ሁላችንም «ሃ ታኡ!» አልን። ይሁን ነው። አለቀስኩ፤ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ሰው መውረድ ሲጀምር ባለቤቴ ከረባቱን ሲፈታ አየሁት።

«እኔ ከአዮ ጋር ልቅር። ልጅቷን ወንድሜ ቤተ ክርስቲያን ያስገባት።»

ልጄ ደረጃው ላይ ቆማ ቀረች። እህቱን ብቻቸውን ጥሎ እንዲሄድ በምን አፌ ልንገረው?

«አንተ» አሉት አዮ ከአልጋቸው፣ «ምን ትጠብቃለህ? እግሩን ሰብስብ።»

«አዮ፣ ራስሽን...»

«ራሴ የእኔ ነው። አንተን ያሳደግኩህ ልጅህን ሌላ ሰው እንዲያስገባት ነው?»

ወረደ። በሰርግ ሱፉ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ አራቱን ክሪክ አዙሮ አነሳ፤ ጎማዎቹም አብረው ተነሱ። የሙሽራዋ መኪና በአበባ አጊጦ ከፊት፣ ቀለሙ የተላላጠ ቅጥቅጥ ከኋላ፤ ከተማው ቆሞ ያየናል። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንደርስ መዝሙሩ ተጀምሯል። እንደገና ተንበርክኮ እግሮቹን አወረደ፣ እህቱ በመስኮቱ በኩል እንዲያዩ ትራስ ደገፈላቸው፣ ከዚያ እየሮጠ መጥቶ የልጁን ክንድ ያዘ።

የሱፉ ሁለት ጉልበቶች ቀይ አፈር ይዘዋል። ላራግፍለት እጄን ልኬ ነበር፤ ከዚያ መለስኩት። እንደዚያው ሆኖ ይዟት ገባ።