የነጭ ደም ሴል ልጓም

ዶክተር እስከዳር ያርጋልን መጀመሪያ ያየኋት ደባርቅ መናኸሪያ ውስጥ ከጫኝ ጋር ስትጨቃጨቅ ነው። ዘመኑ 2003 ዓ.ም.፣ ወሩ የካቲት። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ከባድ ማሽን ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ እያስወረደች ነበር።

"ቀስ በል፣ እህል አይደለም" አለችው።

"እህል ቢሆንማ ምን ነበረበት፣ ቢወድቅ ይታፈሳል" አላት ጫኙ።

እኔ አገኘሁ እባላለሁ። ያኔ ደባርቅ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የግል ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። የክሊኒኩ ባለቤት አንድ ክፍል ለጥናቷ ስለፈቀዱላት ሄደህ ተቀበላት ተብዬ ነው መናኸሪያ የተገኘሁት። ፊት ለፊት ሁልጊዜ አንቱ እላት ነበር፤ እዚህ ግን እንደ እህቴ ላውራት።

እስከዳር የዳባት ልጅ ናት። ተምራ ተምራ ባዮኬሚስት ሆነች። ሥራዋ በሰው ሰውነት ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ምን እንደሚሠሩ ማጥናት ነው እንጂ ሰው ማከም አይደለም። ይህን ልዩነት ለሰው ስታስረዳ ስንት ዓመቷን እንደጨረሰች እሷና እግዜር ያውቃሉ። አባቷ አቶ ያርጋል እንኳ አልገባቸውም፤ ወይም ሊገባቸው አልፈለጉም። ልጄ ዶክተር ናት ብለው ለአገሩ ሁሉ ስላወሩ፣ እሑድ እሑድ ልትጠይቃቸው ዳባት ስትሄድ ወገቡን የሚያመው፣ ዓይኗን የሚያሳክካት፣ ሁሉም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጃቸው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

"አባባ፣ እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም ብዬዎት አልነበረም?"

"ታዲያ የምን ሐኪም ነሽ፣ የከብት?"

"የምንም አይደለሁም። በነጭ የደም ሴል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው የምለካው።"

"ለክተሽስ?"

"ለክቼ እጽፋለሁ።"

አቶ ያርጋልም፣ "እንግዲህ ለወገባቸው የሆነ ነገር ጻፊላቸው" አሏት። ሰኞ መጥታ ይህን ስትነግረኝ አልሳቀችም። እኔ ነኝ የሳቅኩት፤ ተቆጣችኝ።

የምትለካው ነገር እንዲህ ነው። በየዓመቱ ከእኛ አካባቢ ብዙ ገበሬ ሰሊጥ ሊያርምና ሊያጭድ ቆላ ይወርዳል። ከሚወርደው ውስጥ ጥቂቱ በአሸዋ ዝንብ ተነክሶ ካላዛር ይዞት ይመለሳል። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ያልቃል፤ ካልታከመ ይሞታል። ነጭ የደም ሴል የሰውነት ወታደር ነው። እስከዳር እንደምትለው ግን ካላዛር በያዘው ሰው ነጭ ሴሎች ውስጥ አንድ ፕሮቲን ከልክ በላይ ይበዛና የቀሩትን ተከላካይ ሴሎች እንዳይዋጉ አፍኖ ይይዛቸዋል። ፕሮቲኑ ረጅም የፈረንጅ ስም አለው። እኛ በሥራ ላይ "ልጓሙ" እንለው ነበር። ጥያቄዋ አንድ ነው፤ ሰውየው ታክሞ ሲድን ልጓሙም ይላላል ወይስ አይላላም?

ይህን ለማወቅ አሥራ ሁለት ሰዎች ታመው ጎንደር ሲገቡ እዚያው ባለው ላብራቶሪዋ ለክታቸዋለች። ታክመው ከተመለሱ በኋላ ደግሞ ከእነዚሁ ሰዎች በአንደኛው፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ደም መውሰድ ነበረባት። ችግሩ ይህ ዓይነቱ ነጭ ሴል ከሰው ሥጋ ከወጣ በኋላ ዕድሜው የሰዓታት ብቻ መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን መንገድ ደሙ ጎንደር እስኪደርስ ሴሉ ይሞታል። ስለዚህ ደሙን ወደ ማሽኑ ማድረስ ካልተቻለ ማሽኑን ወደ ደሙ ማምጣት ግድ ሆነ። ማሽኑ ደሙን እያሽከረከረ ነጩን ከቀዩ ይለያል። ከዚያ እሷ ሴሎቹን ሰብራ ፕሮቲኑን ታወጣና ዲፕ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ አንዴ ከቀዘቀዘ ወደ ጎንደር ለመውሰድ ጊዜ ይሰጣል።

የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያው ሰው ዋሴ የሚባል የድብ ባሕር ገበሬ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ነገረኛ፣ ጨዋታ የሚወድ። ቀዳሁት፣ ደሙን ማሽኑ ውስጥ አስገባን፣ መሽከርከር ጀመረ። በአሥረኛው ደቂቃ መብራት ጠፋ። ማሽኑ እያዘገመ፣ እያዘገመ ቆመ። እስከዳር ክዳኑን ከፍታ አየችው፤ ነጩም ቀዩም ተደባልቋል።

"መቼ ይመጣል?" አለችኝ።

"አንዳንድ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ በሦስተኛው ቀን።"

"እኔ የጠየቅኩህ ዛሬን ነው።"

"እኔም ዛሬን ነው የመለስኩልዎት፣ ዶክተር።"

በሦስተኛው ቀን መጣ።

ከዚያ ጄኔሬተር ፍለጋ ገባን። ያለው ሙሐመድአወል ዘንድ ነው፤ ወፍጮ ቤትና ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። እሳቸው ምንም አላንገራገሩም። "ለሰው ጤና ከሆነ ገመዱን ሰኩት" አሉ። ማሽኑን በባጃጅ ጭነን ወፍጮ ቤቱ ጓዳ አስገባነው። ሰካነው። ወፍጮው ሲነሣ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ ማሽኑም ጠረጴዛው ላይ መራመድ ጀመረ። እስከዳር በሁለት እጇ ይዛው ቆመች፤ ፀጉሯ ላይ ዱቄት እየዘነበ።

"ጋሽ ሙሐመድአወል፣ ወፍጮውን ለግማሽ ሰዓት ቢያቆሙልኝ?"

"ገበያ ቀን ነው ልጄ። ያ ሁሉ ሰው አህያውን አስሮ ቆሟል። ቀትር ላይ ለዙሁር ሶላት ስንቆም ያንቺን አስነሺ።"

እንዲያ ሆነ። እሳቸው ለሶላት ሲሄዱ እኛ ደም እናሽከረክራለን። ሥራው ያዘ። በሚያዝያ፣ በሦስተኛው ወር፣ የአሥራ ሁለቱን ሰው ፕሮቲን በሙሉ አውጥታ ዲፕ ፍሪጅ ውስጥ ደረደረችው፤ የዋሴንም ጭምር። ደስ ብሏት ለፋሲካ ዳባት ሄደች።

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ማለት እችል ነበር፤ ግን ደባርቅ ሁሉ ያውቀዋል። ዲፕ ፍሪጁን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ስዑር የመሣሪያ መቀቀያውን ለመሰካት ነቀልኩት፤ መልሼ ሳልሰካ በሩን ቆልፌ ለበዓል ወጣሁ። ማክሰኞ ስንከፍተው ውኃው ወለሉ ላይ ነበር።

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሣች አየቻቸው፤ ለምን እንደምታያቸው አላውቅም፣ የተበላሸ ፕሮቲን በዓይን አይታይም።

"አገኘሁ" አለችኝ በመጨረሻ፣ "መብራት ኃይልን እሰድባለሁ። መንገዱን እሰድባለሁ። አንተን ግን ምን ብዬ ልስደብህ? ምሳ የምታካፍለኝ ሰው ነህ።"

ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር።

በሐምሌ፣ በስድስተኛው ወር፣ ዋሴ ሳይመጣ ቀረ። ደማችንን ወስደው ይሸጡታል የሚል ወሬ ደርሶት ነበር። እስከዳር ዝናቡን ተከናንባ ድብ ባሕር ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ቤቱ ስንደርስ ሚስቱ አበባ ደጁ ላይ ቆማ አላስገባችንም።

"ሁለት ጊዜ ወስዳችሁበታል" አለች። "ይኸው ሰው ከሕመሙ ገና መነሣቱ ነው። ያን ሁሉ ደም ምን አደረጋችሁት?"

እኔ ስለ ሳይንስ ጥቅም ልናገር አፌን ስከፍት እስከዳር ቀደመችኝ።

"አበላሸነው" አለቻት።

"ምን?"

"አንዱ መብራት ጠፍቶ ተበላሸ። ሌላው ማቀዝቀዣው ተነቅሎ። አልሸጥነውም፤ የሚሸጥ ነገርም አልወጣውም። ደፋነው።"

አበባ መጀመሪያ እስከዳርን፣ ቀጥላ እኔን አየች። ከቤት ውስጥ የዋሴ ሳቅ ተሰማ። "አስገቢያቸው" አለ። "ሌባ ቢሆኑ ይሄን ያህል ቂል አይሆኑም ነበር።"

በማግስቱ መጥቶ ሰጠን። ይኸኛው ሳይበላሽ ጎንደር ገባ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ደወለችልኝ። ድምፅዋ የተናደደ ሰው ድምፅ ነው። የአሥሩ ሰዎች ልጓም ረግቧል፤ ጤነኛ ሰው ዘንድ ካለው እኩል ሆኗል። አንዱ ሰው ቆላ ወርዶ አልተገኘም። የዋሴ ግን ታሞ በገባበት ቀን ከተለካው አንዳችም አልቀነሰም። ስሕተት መስሏት ሦስት ጊዜ ለካችው፤ ሦስቱም ያው። ያከመውን ሐኪም ሄዳ አነጋገረችው። ሐኪሙ መዝገቡን ከፍቶ፣ ክብደቱ ጨምሯል፣ ጣፊያው ተመልሷል፣ ትኩሳት የለውም አላት። "ሰው ነው የማክመው፣ ፕሮቲን አላክምም" አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታየውን ነው የተናገረው።

በጳጉሜ ዋሴን ክሊኒኩ ድረስ አስጠራችው።

"ድኛለሁ ወይስ አልዳንኩም?" አላት።

"አላውቅም።"

"ዶክተር፣ ከድብ ባሕር እዚህ ድረስ አላውቅም ሊሉኝ ጠሩኝ?"

"ሐኪሙ ድነሃል ይላል። የደምህ ነገር ግን አላማረኝም። ዘንድሮ ቆላ ባትወርድ።"

"ባልወርድ ማን ሊያበላኝ ነው? አንድ ጥማድ መሬት ነው ያለኝ።"

ክንዷን አጣምራ መስኮቱ ጋ ቆመች። ከዚያ ወረቀት አውጥታ የሐኪሙን ስም፣ የእሷን ስልክ፣ የበሽታውን ስምና የታከመበትን ቀን ጻፈችለት። "በመጀመሪያው ትኩሳት፣ ወባ ነው ቢሉህም አትስማ፤ ይህን ይዘህ ጎንደር ግባ። በመጀመሪያው ቀን። አንድ ሳምንት ልየው የሚባል ነገር የለም።" ሦስት ጊዜ አስደገመችው። ሦስተኛው ላይ እሱም ተናደደና፣ "ውዳሴ ማርያም እንኳ እንዲህ አላስጠኑኝም" አላት።

በጥቅምት አጋማሽ ትኩሳቱ ተነሣበት። አብረውት የሚያጭዱት ወባ ነው አሉት። እሱ ወረቀቱን ይዞ በሁለተኛው ቀን ጎንደር ገባ። በሽታው አገርሽቶበት ነበር፤ ግን ገና ጣፊያው ሳያብጥ፣ ሰውነቱ ሳያልቅ ስለተገኘ በረጅሙ ታክሞ ዳነ። በኅዳር መጨረሻ ሊጠይቀን መጣ። እስከዳር ስታየው "ሁለተኛው ቀን? መጀመሪያው ቀን ብዬህ አልነበረም?" ነው ያለችው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ቆይታ ወጣች፤ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ጥናቱን ጽፋ ወደ ውጭ አገር መጽሔት ላከችው። ገምጋሚዎቹ፣ የሦስተኛው ወር ናሙና በሙሉ ለምን ጎደለ ሲሉ ጠየቁ። የማቀዝቀዣ ችግር ብላ መለሰች። ምን ዓይነት የማቀዝቀዣ ችግር፣ በዝርዝር ይገለጽ አሏት። ደብዳቤውን ደባርቅ ይዛው መጥታ ፊቴ ላይ አስቀመጠችው። "በል ግለጽላቸው" አለችኝ። ገለጽኩ። በ2005 አጭር ሆኖ ታተመ፤ አንድ ሰው ብቻ ያገረሸበት ስለሆነ ብዙ ማለት አይቻልም የሚል ዓረፍተ ነገር በግድ አስገቡበት። እሷም ትክክል ናቸው አለች፤ በጣም እየተናደደች።

ያን ዓመት ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት ክሊኒኩን ስከፍት ስድስት የድብ ባሕር ሰዎች ደጁ ላይ ተቀምጠዋል። ቆላ ሊወርዱ ነው፤ ከመውረዳቸው በፊት ልጓማቸው እንዲለካ ፈልገው መጡ። የላካቸው ዋሴ ነው። እስከዳር እንዳጋጣሚ እዚያው ነበረች።

"ይኼ ገና ምርመራ አይደለም" አለቻቸው። "ጥናት ነው። የመለኪያው ኬሚካልም አልቋል። ለጤነኛ ሰውም ምንም አይነግረውም።"

"ለዋሴ ነግሮት የለም ወይ?" አላት ትልቁ ሰው፣ እንዳለው የሚባል።

"እሱ ታሞ የነበረ ሰው ነው።"

"እኛም እንታመማለን።"

አስረዳቻቸው። እንደገና አስረዳቻቸው። አንዳቸውም ከተቀመጡበት አልተነሡም። በመጨረሻ እስከዳር ረጅም ትንፋሽ አውጥታ ወንበር ጎተተች፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ከፈተችና የስድስቱንም ስም፣ የሚወርዱበትን እርሻና የሚመለሱበትን ወር መጻፍ ጀመረች።

"ስትመለሱ በቀጥታ እዚህ" አለቻቸው፣ ቀና ሳትል። "ቤት ሳትገቡ።"